ያልተላገ ሰው፦ «ኡበሆቭለት» የሚለው የኖርዌይ ስድብ ከየት መጣ?

ሳባ ኦስሎ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቃል ይዤ መጥቻለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መርዳት ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ይዤ በአውቶቡስ ሐኪም ዘንድ ሄድን። አንድ ወጣት እግሩን ባዶ ወንበር ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። እናትየው ምርኩዛቸውን ይዘው ፊቱ ቆሙ። ቀና ብሎ አያቸውና ወደ ስልኩ ተመለሰ። እሳቸው አልጮኹም፣ አልተቆጡም። ወደ እኔ ዞር ብለው አንዲት ቃል ብቻ አሉ፦ «ኡበሆቭለት።»

ኖርዌይ ስድስት ዓመት ኖሬ ይህን ቃል ሰምቼው አላውቅም። ለደፋርና ለዓይን አውጣ «ፍሬክ» ይባላል፣ እሱን በየቀኑ እሰማለሁ። ትሕትና ለጎደለው «ኡሆፍሊ» አለ፣ የቋንቋ ትምህርት ስጀምር የተማርኩት ነው። ይኼኛው ግን አዲስ ሆነብኝ።

ራሴ ልፈታው ሞከርኩ። መነሻው ላይ ያለችው «ኡ» ማፍረሻ ናት፣ እኛ «ኢሰብአዊ» ስንል እንደምንጨምራት «ኢ»። የቀረው «በሆቨ» መሰለኝ፣ ማስፈለግ ማለት ነው። ታዲያ «ኡበሆቭለት» የማያስፈልግ ሰው ማለት ነው? እንደዚያ ከሆነ በጣም ከባድ ቃል ነው። እኚህ ሴት ደግሞ ሰውን እንዲህ የሚሉ አይደሉም። የምታውቁ ንገሩኝ።

ተስፋ ዘበርገን

እህቴ ሳባ፣ ልብሽ ትክክል ነግሮሻል። እናትየው እንደዚያ አላሉም።

ቃሉ ከ«በሆቨ» ጋር አይዛመድም። መልካቸው ነው የተመሳሰለው። ሥሩ «ሆቨል» ነው። ሆቨል የአናጢ መላጊያ ነው። እንጨት የሚላግበት፣ ስለት የተሰካበት፣ በሁለት እጅ የሚገፋው መሣሪያ። «በሆቭለት» ማለት በመላጊያ የተላገ ማለት ነው። «ኡ» ስትጨመርበት ያልተላገ ይሆናል። ያልተላገ ሰው!

እኔም እንዳንቺ ተሳስቼ ነበር። የነቃሁት የእንጨት መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ሳንቃ ልገዛ ሄጄ ሻጩ «የተላገ ነው ወይስ ያልተላገ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያልተላገውን «ኡሆቭለት» አለው። ስድብ የመሰለኝ ቃል ዋጋ ተለጥፎበት ተደርድሮ አየሁት።

(አነባበቡን በፊደላችን በትክክል መጻፍ አይቻልም። «ሆ» ያልኩት ከንፈርን እንደ «ኦ» አሹሎ «ሄ» እንደማለት ነው።)

ሰናይት ፍራንክፈርት

እዚህ ጀርመንም አለ። «ኡንገሆበልት» ይላሉ፣ ፍቺው ያው ያልተላገ ነው። መላጊያው ደግሞ «ሆበል» ይባላል። ዴንማርኮችም ኖርዌዮቹ እንደሚሉት «ኡበሆቭለት» ነው የሚሉት። ስዊድኖች «ኡሂቭላድ» አላቸው። መላው ሰሜን ባለጌን በአንድ መላጊያ ነው የለካው።

ዮናስ 21

ይቅርታ፣ እኔ አልተስማማሁም። «ሆፍሊ» ማለት ትሑት፣ ጨዋ ማለት ነው። «ኡበሆቭለት» ውስጥም «ሆቭል» አለ። ከዚያ የመጣ አይመስላችሁም? ድምፁ እኮ አንድ ነው።

ተስፋ ዘበርገን

ወንድሜ ዮናስ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ኖርዌዮቹ ራሳቸው የሚሳሳቱበት ቦታ ነው። እንለያያቸው።

«ሆፍሊ» የመጣው «ሆፍ» ከሚል የጀርመንኛ ቃል ነው። ሆፍ የገዥ ግቢ፣ ቤተ መንግሥት ነው። ስለዚህ ሆፍሊ ሰው ማለት የግቢ ሥርዓት ያለው ሰው ነው። የሚገርመው፣ በጥንቱ የኖርስ ቋንቋም፣ የኖርዌዮች አያቶች ይናገሩት በነበረው፣ «ሆፍ» የሚል ቃል ነበር። እነሱ ግን ክርስትና ከመግባቱ በፊት የነበረውን የአማልክት ቤት ነበር የሚሉት። ዛሬም «ሆቭ» የሚባሉ ሰፈሮች በየአገሩ አሉ።

ከዚህ የተለየ ደግሞ «ሆቨሊ» አለ፣ ተገቢ፣ ልክ የሆነ ማለት ነው። እሱ የራሳቸው የጥንት ቃል ነው። አራተኛው ሳባን ያሳሳታት «በሆቨ» ነው።

የግቢው፣ የተገቢው፣ የማስፈለጉና የመላጊያው ቃል በጆሮ ወንድማማች ይመስላሉ። የአውቶቡሱ ልጅ የተሰደበው በመላጊያው ነው።

ትዕግሥት መ.

የግቢውን ነገር ካነሳችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ታሪክ ነው ያጠናሁት፣ ይህን ርዕስ በጣም እወደዋለሁ።

ኖርዌዮች በ1250ዎቹ አካባቢ፣ በንጉሥ ሆኮን ሆኮንሰን ዘመን የተጻፈ «የንጉሥ መስታወት» የሚባል መጽሐፍ አላቸው። አባት ልጁን የሚመክርበት ነው። ልጁ ይጠይቃል፣ አባት ይመልሳል። ንጉሥ ፊት እንዴት ይቀረባል? ፀጉርህን አበጥር፣ ጢምህን አስተካክል፣ ካባህን ሳትደርብ ግባ፣ እጆችህን ከፊትህ አጣምር ይለዋል።

ካባ ሳይደርቡ መግባቱን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። እኛ አገር ትልቅ ሰው ፊት ሲቀረብ ጋቢው ወይም ነጠላው ይደገደጋል። ከትከሻ ወርዶ ወገብና ደረት ላይ ይታሰራል። አያቴ ነጠላቸውን ሳያደገድጉ ዳኛ ፊት ቆመው አያውቁም። እዚያ ካባው ይወልቃል፣ እዚህ ነጠላው ይታሰራል። ሁለቱም በልብስ «ዝቅ ብያለሁ» ማለት ነው።

«ጨዋ» የሚለው ቃላችንም ከቤተ መንግሥት የራቀ አይመስለኝም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርአ ያዕቆብ ጊዜ፣ በየጠረፉ የሰፈረው የንጉሡ ጦር «ጨዋ» ይባል ነበር። ዛሬም «የጨዋ ልጅ» ስንል ትውልዱን ነው የምንጠራው።

ሳባ ኦስሎ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ተስፋዬ፣ ሸክም አወረድክልኝ። «የማያስፈልግ ሰው» ብለዋል ብዬ ሦስት ቀን ስከፋ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ለምን መላጊያ? መጥረቢያ አለ፣ መጋዝ አለ፣ መዶሻ አለ። ለምን በሱ ሰደቡ? አናጢ አለ እዚህ?

ጋሽ አናጢው

አለሁ ልጄ። አዲስ አበባ ነው ያለሁት። አርባ ዓመት እንጨት ሠርቻለሁ። ልጆቼ ናቸው ይህን ቦታ ያሳዩኝ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን በሙያዬ መጣችሁ።

ለምን መላጊያ ላልሽው፣ ሥራውን ልንገርሽና ራስሽ ፍረጂ። መጥረቢያ ይጥላል። መጋዝ ይከፍላል። ከመጋዝ የወጣ ጣውላ ልኩን ይዟል፣ ጠንካራ ነው፣ ቤት ይሠራበታል። ነገር ግን እጅሽን ብታሳልፊበት ይወጋሻል። ስንጥር ይገባብሻል። ልብስ ይይዛል። መላጊያ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እንጨቱን አይቆርጠውም፣ አይለውጠውም። የሚወጋውን ብቻ ያነሳለታል። ተልጎ ሲያልቅ ያው ዝግባ ዝግባ ነው፣ ያው ዋንዛ ዋንዛ ነው። ሰው ግን ይቀመጥበታል፣ ሕፃን ይተኛበታል።

ሌላም አለ። መላጊያ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ነው የሚሄደው። ጅማቱን ተቃርነሽ ከገፋሽው ይልጠዋል፣ ይቦጭቀዋል። ጀማሪ ልጅ የሚያበላሸው በጉልበት ስለሚገፋ ነው። ወይራ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፣ ክንድ ያዝላል፣ ስለት ይበላል።

እንግዲህ ያን ልጅ «ያልተላገ» ካሉት፣ እንጨቱ መጥፎ ነው አላሉም። ሥራው አላለቀም ነው ያሉት። እኔ ስድብ ሆኖ አልተሰማኝም። አናጢ ያልተላገ ጣውላ ሲያይ አይጥለውም፣ ወደ መሥሪያው ጠረጴዛ ነው የሚወስደው።

ሳባ ኦስሎ

ጋሼ፣ እንዴት አድርገው እንዳስረዱኝ! እድሜ ይስጥልን። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት።

ሰናይት ፍራንክፈርት

ጋሽ አናጢው የተናገሩት ልዩነት በቃላቱ ውስጥም አለ። ኖርዌዮች «ኡፎሽካመት» የሚሉት ሌላ ስድብ አላቸው። እሱ ውስጡ «ስካም» አለ፣ ኀፍረት። ይሉኝታ የሌለው፣ ዓይኑን በጨው ያጠበ የምንለው ነው። እሱ ስድብ ነው! ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ምን እንደሚያደርግ እያወቀ ነው። ያልተላገው ግን ላያውቅም ይችላል። እኔ ልጆቼን ስቆጣ የቱን እንደምል ከአሁን በኋላ አስብበታለሁ።

ተስፋ ዘበርገን

አሁን ወደ በርገን ላምጣችሁ፣ ቃሉ የመጣበት መንገድ በኔ ሰፈር በኩል ስለሚያልፍ።

ወደ ሥራ ስሄድ በየቀኑ በብሪገን በኩል አልፋለሁ። ወደቡ ዳር የተደረደሩት ባለ ቀለም የእንጨት ቤቶች ናቸው፣ ፖስት ካርድ ላይ ያያችኋቸው። ቤቶቹ በ1702 ከተነሳው ቃጠሎ በኋላ እንደገና የተሠሩ ናቸው። ዩኔስኮ በ1979 መዝግቧቸዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከ1360 አካባቢ እስከ 1754 ድረስ እዚያ የሃንሳ ነጋዴዎች ቢሮ ነበር። ሃንሳ የሰሜን ጀርመን ከተሞች የንግድ ማኅበር ነው፣ እናታቸው ሉቤክ ናት። ከሰሜን ኖርዌይ የደረቀ ዓሣ ይገዛሉ፣ እህል ያመጣሉ። ለአራት መቶ ዓመት!

ከነጋዴው ጋር የእጅ ባለሙያው መጣ። ጫማ ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ አንጥረኛው፣ ቆዳ ሠሪው። ማኅበራቸው የራሱ ሕግ ነበረው። በጣም ከመጠናከራቸው የተነሳ በ1559 የበርገን ገዥ የነበረው ክሪስቶፈር ቫልከንዶርፍ «ወይ የከተማው ዜጋ ሁኑ፣ ወይ ልቀቁ» አላቸው። ሰዎቹ ቢሄዱም ቃላቸው ቀረ። ልብስ ሰፊ «ስክሬደር»፣ አናጢ «ስኔከር» የሚባሉት ከዚያው ከሰሜን ጀርመንኛ ነው። መክፈል «በታለ»፣ ማውራት «ስናከ»፣ እነዚህም እንዲሁ። ኖርዌዮች ዛሬ «ስናከ» ሳይሉ አንድ ቀን አያድሩም።

«ሆቨል»ም ከነዚህ አንዱ ነው። ልብ በሉ፣ መሣሪያው ቀድሞም ነበራቸው። በጥንቱ ኖርስ መላጊያ «ሎካር» ይባል ነበር። በአማልክቶቻቸው ተረት ውስጥ እንኳ አለ። በንስር መልክ የሚበረው ግዙፉ ትያሲ ከአማልክቱ አንዱን ሎኪን እያሳደደ ሲመጣ አማልክቱ የመላጊያ ፍቅፋቂ ከምረው እሳት ለቀቁበት፣ ክንፉ ተቃጠለና ወደቀ። ስሙን ግን ጀርመኖቹ ቀየሩት። ከዚያ ጀርመንኛው ስድብ በዴንማርክኛ ጽሑፍ በኩል ገባ። ኖርዌይ እስከ 1814 ድረስ ለአራት መቶ ዓመት ያህል ከዴንማርክ ጋር ነበረች፣ የሚጻፈውም ዴንማርክኛ ነበር።

ጋሽ አናጢው

ይኼንንስ እኔም አውቀዋለሁ። ፍቅፋቂውንም ሰጋቱራውንም ስጠርግ ነው የኖርኩት። «ሰጋቱራ» ራሱ የማን ቃል መሰላችሁ? የጣሊያን ነው። ካቻቢቴም የጣሊያን ነው። ፒንሳም የጣሊያን ነው። እኔ ሙያ ስማር ጌታዬ የተማሩት ከጣሊያን አናጢ ነበር። ስሙን ከነመሣሪያው ነው የተቀበሉት። መላጊያ ግን «ላገ» ከሚለው ከራሳችን ወጥቶ ቀርቷል።

ዮናስ 21

ጋሼ እንዲህ ሲሉ አንድ ነገር በራልኝ። እኛም እኮ አደረግነው! «ፍሬኑን የበጠሰ» እንል የለ? አፉን መቆጣጠር ያቃተውን ሰው። ፍሬን የጣሊያን ቃል ነው፣ ከመኪናው ጋር የመጣ። መጀመሪያ መኪናው መጣ፣ ቀጥሎ የጋራዡ ቃል፣ ቀጥሎ ባለጌውን በሱ ጠራነው። በርገን ውስጥ ከመላጊያው ጋር የሆነው ይኸው ነው። ቀደም ብዬ የተከራከርኩት ተሳስቼ ነበር፣ ተስፋ ልክ ነህ።

ትዕግሥት መ.

ዮናስ፣ በጣም ጥሩ አልክ! ከፍሬን በፊት የነበሩትን ተመልከት እንግዲህ። «ጋጠወጥ» አለ፣ ከጋጣው የወጣ። «ስድ» አለ፣ የተለቀቀ፣ ጠባቂ የሌለው ከብት። «ያልተገራ» አለ፣ ልጓም ያልለመደ በቅሎ። ሦስቱም ከበረት ናቸው። አራሹና አርቢው አያቶቻችን ባለጌ ሲያዩ የታያቸው አጥር ጥሶ የሰው ማሳ የገባ በሬ ነው። ጉዳቱም እንደዚያው ነው፣ የጎረቤት እህል ይበላል፣ ባለቤቱ ይከሰሳል።

ከሁሉም የሚያመኝ ግን «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ነው። ከልጁ አልፎ አሳዳጊውን ይነካል። እናቴ ይህን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይቀየር ነበር። ኖርዌይ ውስጥ እንዲህ ያለ አለ?

ሳባ ኦስሎ

አለ ትዕግሥቴ። «ኡኦፕድራገን» ይላሉ። ያልተኮተኮተ፣ በሥርዓት ያላደገ ማለት ነው። መዋለ ሕፃናት ስሠራ ሰምቼዋለሁ። ጥሩ ጠባይን ደግሞ «ፎልከሺክ» ይሉታል፣ የሕዝብ ወግ እንደማለት። «ፎልከሺክ የለውም» ከተባለ አለቀ። እሱን በጣም ነው የምወደው። ጨዋነትን የንጉሥ ግቢ ሳይሆን የሕዝብ ነው ይላል።

ብርሃኑ ስታቫንገር

ሁላችሁንም አነበብኩ። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ልናገር። ኖርዌዮች ስለ ባለጌ ሲያወሩ ይገርመኛል። «እባክህ» የሚል ቃል የላቸውም። ትልቁን ሰው በስሙ ነው የሚጠሩት። የሃያ ዓመት ልጅ የሰባ ዓመት ሽማግሌን «ዱ» ይላል፣ «አንተ» ማለት እኮ ነው! እኔ ሥራ ስጀምር አለቃዬን «አንተ» ማለት ምላሴ እምቢ ብሎኝ ስሙን ሳልጠራ ስድስት ወር ኖሬያለሁ።

ሳባ ኦስሎ

ወንድም ብርሃኑ፣ ስሜትህን አውቀዋለሁ። እኔም አልፌበታለሁ። ግን «እርስዎ» የላቸውም አትበል። ነበራቸው። «ዲ» ይባላል። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ለማያውቁት ሰው፣ ለአለቃ፣ ለመምህር «ዲ» ነበር። ከዚያ ሰዉ ተወው። ሁሉም እኩል ይሁን ብለው ነው። የማግዛቸው እናት ወጣትነታቸውን በ«ዲ» ነው የኖሩት። ይህን ስረዳ ነው አውቶቡሱ ላይ ምን እንደተሰማቸው የገባኝ።

«እባክህ»ም በሌላ መልኩ አለ። «ቫር ሶ ስኒል» ሲሉ «ደግ ሁንልኝ» ማለታቸው ነው። ምስጋናቸው ደግሞ ማለቂያ የለውም። ማዕድ ላይ «ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ» ሳይል የሚነሳ የለም። ካገኙህ በኋላ በሌላ ቀን ሲያዩህ «ስላለፈው አመሰግናለሁ» ይሉሃል። ይህ ባህል ደግሞ እኛ ዘንድ የለም።

ብርሃኑ ስታቫንገር

እውነትሽን ነው። «ስላለፈው» የሚለውን ረስቼው ነበር። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ጎረቤቴ ሲለኝ ምን አድርጌለት ይሆን ብዬ ስጨነቅ ነበር።

ማርታ ሶግንዳል

እኔ የምኖረው ኒኖሽክ የሚጻፍበት አካባቢ ነው። እዚህ የልጄ መምህርት «ኡበሆቭለት» ብዬ ስጽፍ «ኡሆቭላ» ብላ አረመችኝ። ስህተት ነበር?

ተስፋ ዘበርገን

ማርታ፣ ስህተት አይደለም፣ ያንቺ አካባቢ መንገድ ነው። ኖርዌይ ሁለት የጽሕፈት ቋንቋ አላት፣ ቡክሞልና ኒኖሽክ። ኒኖሽክን የመሠረተው ኢቫር ኦሰን ነው፣ ከ1813 እስከ 1896 የኖረ። የገበሬ ልጅ ነበር። በእግሩ አገሩን ዞሮ የገጠሩን አነጋገር ለቀመ። ሰዋስው በ1848፣ መዝገበ ቃላት በ1850 አወጣ። በ1885 ፓርላማው የሱን ቋንቋ ከሌላው ጋር እኩል አደረገ።

ኦሰን በዴንማርክኛና በጀርመንኛ የገቡትን ቅጥያዎች አልፈለገም። «አን»፣ «በ»፣ «ሄት»፣ «ኤልሰ»። ኖርዌዮች አራቱን ገጣጥመው «አንበሄቴልሰ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። «ኡበሆቭለት» ውስጥ ያለችው «በ» ከነዚህ አንዷ ናት። ስለዚህ ያንቺ መምህርት «በ»ን አውጥታ «ኡሆቭላ» አለች። ቃሉን ራሱን ላጉት ማለት ነው። የሚገርመው «ሆቨል» ራሱ ጀርመንኛ ነው፣ እሱ ግን ቀረ። ከእጅ ያልተለየ መሣሪያ ስም ማን ይቀይራል?

ሳባ ኦስሎ

ዛሬ ጠዋት እናትየው ጋ ነበርኩ። ልንገራችሁ።

ቁርስ ሳቀርብ የቡናማውን አይብ መክተፊያ አነሳሁት። ታውቁታላችሁ፣ እንደ ማንኪያ ሆኖ መሐሉ የተሰነጠቀው። «ኡስተሆቨል» ነው የሚባለው። ስድስት ዓመት በየቀኑ ይዤዋለሁ፣ ስሙን ግን ዛሬ ነው የሰማሁት፤ የአይብ መላጊያ! ሊለሃመር ከተማ የነበረ ቱር ቢዮርክሉንድ የሚባል አናጢ ነው የፈጠረው። በ1925 ነው የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው። ከአናጢ መላጊያ ነው ሐሳቡን የወሰደው።

እናትየው ፊት ከፍ አድርጌ ይዤው «የአውቶቡሱ ልጅ» አልኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ሲገባቸው እጄን ያዙኝ፣ ሳቁም፣ ዓይናቸውም እንባ ሞላ። ባለቤታቸው ስኔከር ነበሩ። ይህን ቃል ይሉ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሠርተው የማይጨርሱ ረዳቶቻቸውን፣ በር ሳያንኳኳ የሚገባውን ጎረቤት፣ ሁሉንም። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ እናትየው ቃሉን ከአፋቸው ያወጡት አልፎ አልፎ ነው።

ከዚያ ወደ ምድር ቤት ላኩኝ። መደርደሪያው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ፣ አምጪው አሉኝ። የባለቤታቸው መላጊያ ነው። እጀታው ከብዛት ጥቁር ሆኗል። ስለቱ ዝጓል። አሁን መስኮቱ ዳር አስቀምጠውታል። ጋሼ፣ የዛገ ስለት ይድናል?

ጋሽ አናጢው

ይድናል ልጄ። በእሳት እንዳትነኪው ብቻ። መጀመሪያ ዘይት ቀቢውና አንድ ቀን ይደር። ከዚያ በድንጋይ ትስይዋለሽ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ። እንጨቱን ግን አትላጊው፣ የሰውየው እጅ ያረፈበትን ጥቁረት እንዳታነሺው። ስለቱ ስንት ጣት ይሰፋል? ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።